ድድ ሲደማ መፋቂያ ይጣላል ወይ?

  

በጌጃ ሰፈር ከመግሪብ ሰላት በኋላ በምንሰጠው ደርስ ላይ አንዲት እናት እንዲህ ስትል ጠየቀችን፦ «ኡስታዝ፣ ልጄ ጥርሷን ስትቦርሽ ድዷ ይደማል። እንዳይብስባት ብዬ ብሩሹን ደበቅኩባት። አባቷም መፋቂያውን የተወው በዚሁ ምክንያት ነው። ጥፋት ይሆንብናል ወይ?» ጥያቄዋ አጭር ነው። መልሱ ግን ከመዲና ተነስቶ በአንዳሉስ በኩል እስከ አርሲ ይወስደናል።

ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት እንጀምር። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነቢዩ ወደ ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የሚያደርጉት ምን እንደሆነ ተጠይቀው፣ በሲዋክ ይጀምሩ እንደነበር መመለሳቸውን ሙስሊም ዘግበዋል። በኡመታቸው ላይ ማክበድ ባይሆንባቸው ኖሮ በየሰላቱ ሲዋክን ያዙ እንደነበርም በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። በ11ኛው ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 632) በመጨረሻ ሕመማቸው ላይ ሳሉ የዓኢሻ ወንድም ዐብዱረህማን ሲዋክ ይዞ ገባ። ነቢዩ ሲዋኩን ሲመለከቱ ዓኢሻ ፍላጎታቸውን ተረዱ፤ ተቀብለው በጥርሳቸው አለስልሰው ሰጧቸው፤ እርሳቸውም ተፋቁበት። ልብ እንበል! ሰውነት በደከመበት በዚያች ሰዓት እንኳ የአፍ ንጽህና አልተተወም። ያገዟቸውም ባለቤታቸው ናቸው። የአፍ ንጽህና ቤተሰብ የሚተጋገዝበት ጉዳይ መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ከዚያ በኋላ የመጡ ሙስሊም ሐኪሞችም ጉዳዩን በጥልቀት መርምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1013 አካባቢ ያረፉት የአንዳሉሱ ሐኪም አቡል ቃሲም አል ዘህራዊ፣ በጥርስ ገጽና በድድ መካከል ሸካራ ቆሻሻ እንደሚጋገር፣ ብልሽቱም ወደ ድድ እንደሚተላለፍ ጽፈዋል። ይህንኑ የሚፍቁባቸውን 14 ልዩ ልዩ መሣሪያዎችም በሥዕል አስቀምጠዋል። ዛሬ የጥርስ ሐኪም ጥርስን የሚያጥበው በዚሁ መሠረታዊ ሐሳብ ነው። ከምግብ በኋላ በጥርስ ላይ የሚለጠፈው ስስ ነጭ ነገር የባክቴሪያ ክምችት ነው። ካልተጠረገ በቀናት ውስጥ እንደ ድንጋይ መጠንከር ይጀምራል። ያን ጊዜ ብሩሽም ሆነ መፋቂያ አያነሳውም። ድድም ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ይደማል። በዚህ ደረጃ ላይ ያለ ድድ በጽዳት ይድናል። ችላ ከተባለ ግን ሕመሙ ጥርስን የያዘውን አጥንት ይበላል። የተበላው አጥንት በራሱ ተመልሶ አይተካም፤ ጥርሱም ይነቃነቃል። «እርጅና ነው» እያልን የምናልፈው የብዙ አባቶችና እናቶች የጥርስ መውለቅ መንስኤው ይኸው ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ የአራክ ዛፍ በአፋርና በሶማሌ ቆላ ይበቅላል። ደጋው ደግሞ ወይራ፣ ክትክታና ልምጭ አለው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከእነዚህ እየቆረጠ ሲፋቅ ኖሯል። የመርካቶና የየመስጊዱ በር መፋቂያ ሻጮች የዚሁ የቆየ ልማድ ወራሾች ናቸው። ይህ ልማድ በሳይንስም ተፈትኗል። ኦልሰን የተባለ ተመራማሪ በኢትዮጵያ ተማሪ ልጆች ላይ ያደረገውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1978 አሳተመ። ውጤቱም መፋቂያ በጥርስ ላይ የሚጋገረውን ቆሻሻ በማስወገድ ከብሩሽ እንደማያንስ አመለከተ። ይኸው ተመራማሪ በአርሲ ክፍለ ሀገር ስለ ድድ በሽታና የአፍ ንጽህናም በዚያው ዓመት ጽፏል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1987 መፋቂያ በተለመደባቸው አገሮች አጠቃቀሙ እንዲበረታታ መክሯል።

ታዲያ መፋቂያው በእጃችን ሳለ ድዳችን ለምን ይደማል? ብዙዎቻችን የምንፍቀው ሲሳቅ የሚታየውን የፊት ጥርስ ብቻ ነው። መንጋጋውና የውስጥ ገጹ ይረሳሉ። አንዱን ጫፍ ለሳምንታት እንጠቀምበታለን። በጫትና በስኳር የበዛበት ሻይ ስናመሽ ሳንጉመጠመጥ እንተኛለን። ከአባቶቻችን የወረስነው ሁሉም መልካም ነው ማለትም አይደለም። ለውበት ተብሎ ድድን መነቀስ በሃይማኖታችን የተከለከለ ነው፤ በአንድ መርፌ ብዙ ሰው ሲነቀስም በሽታ ይተላለፋል። «ግግ» ብሎ የሕፃን ድድ መብጣትም ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ያስከትላል፤ በውስጥ ያለውን ጥርስም ያበላሻል።

ከሁሉ የከፋው ኖማ የሚባለው በሽታ ነው። በምግብ እጥረትና እንደ ኩፍኝ ባሉ ሕመሞች የተዳከመ ሕፃን ድድ ላይ በቁስል ይጀምርና በቀናት ውስጥ ጉንጭን ይበላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። የደማ ድድ ሁሉ ኖማ አይደለም፤ እንዲያውም እጅግ ጥቂቱ ነው። ነገር ግን የተዳከመ ሕፃን ድዱ ከቆሰለና አፉ ከሸተተ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ያስፈልጋል። በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒትና በተመጣጠነ ምግብ ይድናል።

እንግዲህ ለእህታችን የሰጠናት መልስ ይህ ነው፦ ሳታውቂ ያደረግሽው ነው፤ አሁን ግን ብሩሹን ለልጅሽ መልሺላት። ድድ የሚደማው በአብዛኛው ጽዳት ስላነሰው ነውና ብሩሹ ሲደበቅ ሕመሙ ይብሳል። ለስላሳ ብሩሽ ይዛ፣ ድድና ጥርስ የሚገናኙበትን ጠርዝ ቀስ አድርጋ፣ ጠዋትና ማታ ትቦርሽ። ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙናም ይጨመርበት፤ ከ3 ዓመት በታች ላለ ሕፃን የሩዝ ፍሬ፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት ላለ የአተር ፍሬ ታህል ትበቃለች። ትንንሽ ልጆችን ወላጅ ራሱ ይቦርሽላቸው።

አባትየውም መፋቂያውን ያንሳ። ጫፉን ልጦ፣ አርሶና አኝኮ እንደ ብሩሽ ያፍታታው። ከድድ ወደ ጥርሱ ጫፍ በዝግታ እየሳበ የውስጡንም የመንጋጋውንም ይፋቅ። ያረጀውን ጫፍ ይቁረጥ። እያንዳንዱ ሰውም የራሱ መፋቂያ ይኑረው። በሁለት ሳምንት ውስጥ መድማቱ ካልቆመ ወይም ጥርሱ ከተነቃነቀ የጥርስ ሐኪም ይይ፤ ስኳሩንም ይመርመር። የስኳር በሽታና የድድ በሽታ አንዱ ሌላውን ያባብሳሉና። በረመዳን ከሱሑርና ከኢፍጣር በኋላ መቦረሽ አይዘንጋ። የሻፊዒይ መዝሀብ ዑለሞች ለጾመኛ ከቀትር በኋላ መፋቅን መክሩህ ይላሉ፤ ሐነፊዮች ግን ቀኑን ሙሉ ይፈቅዱታል።

ያቺ እናት ከሳምንታት በኋላ ልጇን ይዛ ደርስ መጣች። የልጅቷ ድድ መድማቱን አቁሟል፤ አባቷ ግን ሐኪም ዘንድ ገና አልሄደም አለችን። ውድ አድማጮቻችን! በየቤታችን እንዲህ «ገና ነኝ» የሚል አባት፣ እናት ወይም አያት አይጠፋም። ዛሬ ማታ ቤት ስንገባ እንደ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በሲዋክ እንጀምር፤ ከዚያም የቤተሰባችንን ድድ እንጠይቅ። አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን። አሚን።