የትምባሆ ነውርና የሠራተኛው አየር፦ ከአፄ ዮሐንስ ዘመን እስከ አዋጅ ቁጥር 1112/2011

በኢትዮጵያ ትምባሆን በአዋጅ መከልከል በ2011 ዓ.ም. የተጀመረ ነገር አይደለም። ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም. የነገሡት አፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆ የሚያጨስ ከንፈሩ፣ ሱረት የሚስብ ደግሞ አፍንጫው እንዲቆረጥ ማዘዛቸውን የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበውታል። ቅጣቱ የዛሬውን አንባቢ የሚያሰቅቅ ቢሆንም ከሕዝቡ ስሜት ፈጽሞ የራቀ አልነበረም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ዘንድ ትምባሆ እንደ ርኵሰት ሲቆጠር ኖሯል። ከእስልምና ሊቃውንትም ከፊሉ የተጠላ፣ ከፊሉ ጨርሶ የተከለከለ ነው ሲሉ አስተምረዋል። በደቡብና በምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል ጋያ የሚስቡ ሽማግሌዎች መኖራቸው ባይካድም፣ ትምባሆ በጥቅሉ ሲታይ የተከበረ ሰው ልማድ ሆኖ አያውቅም።

ይህ ነውር ዛሬም አለ። የምሥራቅ ባሌ ዞን ዋና ከተማ በሆነችው በጊኒርም ሆነ በሌሎች የባሌ ከተሞች ወጣት በአባቱ ፊት ሲጋራ አይለኩስም፤ በመንገድ እያጨሰ ታላቁን ድንገት ቢያገኝ ሲጋራውን በመዳፉ ይሸፍናል። ስለዚህ በሥራ ቦታና በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ማጨስን የሚከለክል ሕግ ሲመጣ ማኅበረሰቡ ለመደገፍ ብዙ ማግባባት አያስፈልገውም። ለጤና ባለሙያ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን ድጋፉ ከየት እንደመነጨ መመርመር ተገቢ ይሆናል። ነውሩ ያነጣጠረው በአጫሹ ላይ እንጂ በጭሱ ላይ አይደለም። የተነወረ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ልማዱን አይተውም፤ ይሸሸጋል። የሚሸሸገውም በጓዳ፣ በጫት መቃሚያ ክፍል፣ በሩ በተዘጋ መጠጥ ቤት ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ቡና የምታፈላ፣ ብርጭቆ የምታነሣ፣ ሒሳብ የምትቀበል ሠራተኛ አለች። አዋቂዎች ፊት እንዳይታይ የተደረገው ጭስ እርሷ ዘንድ ይከማቻል።

መንግሥትም በበኩሉ ለረጅም ጊዜ ሻጭ ነበር። ከጣልያን ወረራ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1942፣ ትምባሆ በመንግሥት ሞኖፖል ሥር ሲገባ ዓላማው ገቢ እንጂ ጤና አልነበረም። በኋላ ብሔራዊ የትምባሆ ድርጅት በተባለው ተቋም ከተመረቱት ሲጋራዎች በጣም የታወቀው ኒያላ ነው። ስሙ የተወሰደው በባሌ ተራሮች ከሚኖረው ብርቅዬ የደጋ አጋዘን ነው፤ የባሌ ሰው የሚኮራበት እንስሳ በአገሪቱ ሁሉ በየሱቁ የሲጋራ ስም ሆኖ ሲጠራ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2016 የጃፓን ትምባሆ ኩባንያ የድርጅቱን 40 በመቶ ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በ2017 ማብቂያ ላይ ተጨማሪ ድርሻ ወስዶ ባለቤትነቱን ወደ 71 በመቶ ገደማ አደረሰ። ዓለም አቀፍ ኩባንያ ይህን ያህል ገንዘብ ያወጣው አጫሹ ጥቂት በሆነበት አገር ውስጥ ነው። የተገዛው የወደፊቱ ገበያ መሆኑ ግልጽ ነው።

ሳይንሱ ከአጫሹ ወደ ጎረቤቱ ፊቱን ያዞረው ዘግይቶ ነው። ጃፓናዊው ሂራያማ እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው ጥናት፣ ራሳቸው የማያጨሱ ነገር ግን ባሎቻቸው የሚያጨሱ ሴቶች በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳየ። ከዚያ በኋላ ማስረጃው እየተደራረበ ሄዶ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የአሜሪካ የሕዝብ ጤና ኃላፊ ሪፖርት ለትምባሆ ጭስ መጋለጥ ጉዳት የሌለው መጠን እንደሌለው፣ አጫሾችን በሌላ ጥግ ማስቀመጥም ሆነ አየር ማናፈሻ መትከል ሰውን ፈጽሞ እንደማያድን ደመደመ። የዓለም ጤና ድርጅት የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት በአንቀጽ 8 የደነገገውም ይህንኑ ጥበቃ ነው። ኢትዮጵያ ስምምነቱን በ1996 ዓ.ም. ፈርማ በ2006 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 822 አጸደቀችው፤ በመካከሉ አሥር ዓመት አለፈ። በ2007 ዓ.ም. የቁጥጥር መመሪያ ወጣ፤ በዚያው ዓመት መቐለ በሕዝብ መገልገያ ሥፍራዎች ማጨስን በመከልከል ከሌሎች ከተሞች ቀደመች።

እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ የተካሄደው የጎልማሶች የትምባሆ ጥናት ውጤት ከላይ የተነሣውን ነገር በቁጥር ያሳያል። ትምባሆ የሚጠቀሙት ጎልማሶች 5 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሆኖም በቤት ውስጥ ከሚሠሩት መካከል 29.3 በመቶ በሥራ ቦታቸው፣ መጠጥ ቤት ወይም የምሽት ክበብ ከገቡት ደግሞ 60.4 በመቶ ለሌላ ሰው ጭስ ተጋልጠው ተገኙ። ከሃያ ሰው አንዱ ብቻ የሚጠቀምበት ነገር ከአምስት የመጠጥ ቤት እንግዶች ሦስቱን የሚያገኝ ከሆነ፣ ጭሱ በጥቂት ዝግ ክፍሎች ተጠራቅሟል ማለት ነው። ነውር ብቻውን ይህን ሊከላከል አልቻለም፤ እንዲያውም ጭሱን ወደ ክፍሎቹ ከሚገፉት ነገሮች አንዱ እርሱ ሳይሆን አይቀርም።

ጥር 28 ቀን 2011 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1112 በሥራ ቦታና በሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ውስጥ ማጨስን ሙሉ በሙሉ ከለከለ። ክልከላው ከበርና ከመስኮት እስከ 10 ሜትር ይዘልቃል፤ በጤና ተቋማትና በትምህርት ቤቶች ደግሞ ግቢው በሙሉ ከጭስ የጸዳ እንዲሆን ያዝዛል። በወረቀት ሲታይ ከአፍሪካ ጠንካራ ሕጎች የሚመደብ ነው።

ሌላው ዓለም እንዴት እንደጀመረ ማየት እዚህ ላይ ይጠቅማል። አየርላንድ እ.ኤ.አ. መጋቢት 29 ቀን 2004 መጠጥ ቤቶችን ጨምሮ በሥራ ቦታዎች ማጨስን ስትከለክል፣ ሕጉ ለሕዝብ የቀረበው ሠራተኛውን የሚጠብቅ ሕግ ሆኖ ነበር። በመጠጥ ቤት ውስጥ ሙሉ ክልከላን የሚደግፉ አጫሾች ከሕጉ በፊት 13 በመቶ ነበሩ፤ ከሕጉ በኋላ 46 በመቶ ደረሱ። በምግብ ቤት ረገድ ድጋፉ ከ45 ወደ 77 በመቶ አደገ። በዚያ አገር ድጋፍ ሕጉን ተከትሎ መጣ። በኢትዮጵያ ድጋፉ ከሕጉ በብዙ ዘመን የቀደመ ሲሆን፣ ሠራተኛው ግን በውስጡ አልነበረም።

በባሌ ደጋ የሕጉ አፈጻጸም ከአየሩ ጠባይ ጋርም ይያያዛል። በጎባና በሮቤ ብርዱ ገና ሲመሽ በርና መስኮት ያዘጋል። ዝቅ ባለችው ጊኒር እንግዳው በረንዳ ላይ መቀመጥ ይቀናዋል፤ በረንዳው ደግሞ ከበሩ ሁለት ወይም ሦስት እርምጃ እንጂ 10 ሜትር አይርቅም። «ውጭ ወጥቼ ነው ያጨስኩት» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ ሕጉን እየጣሰ መሆኑን አያውቅም። የወረዳው የቁጥጥር ባለሙያ የመንግሥት ሥራ ሰዓት ከቀኑ 11:30 ያበቃል፤ የመጠጥ ቤቱ ጭስ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ማታ በክፍሉ ውስጥ ሕጉን ለማስታወስ የምትቀርበው አስተናጋጇ ናት። ደንበኛው በዕድሜ ታላቋ ነው፣ ከደመወዟ ያላነሰ የምትጠብቀውን ጉርሻ የሚሰጣትም እርሱ ነው፤ ባለቤቱም ደንበኛውን እንድታስቀይም አይፈልግም። ሕጉ ግን ኃላፊነቱን የጣለው በእርሷ ላይ ሳይሆን በባለቤቱ ላይ ነው።