ምስጋናው ለማን ነው? ስለ ሜክሲኮ የመከር በዓላት

በአሜሪካ ያሉ ወንድሞችና እኅቶች በኅዳር ወር የምስጋና ቀንን ሲያከብሩ፣ ጎረቤታቸው ሜክሲኮስ ታከብር ይሆን ብለን እንጠይቅ ይሆናል። በዚያ ስም የታወጀ ብሔራዊ በዓል ሜክሲኮ የላትም። የአሜሪካው በዓል ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን በ1863 እ.ኤ.አ. ባወጡት አዋጅ የጸና፣ የዚያው አገር ታሪክ ነው። ይሁን እንጂ የሜክሲኮ ገበሬ ሳያመሰግን ኖሯል ማለት አይደለም።

በቆሎ ከዱር ሣር ተላምዶ ለማዕድ የበቃው ከ9,000 ዓመት ገደማ በፊት በሜክሲኮ ምድር ነው። እኛ በክረምት ጠብሰን የምንበላው እሸትም መነሻው እዚያ ነው። የጥንቱ ሕዝብ ለበቆሎ አማልክት መሥዋዕት ያቀርብ ነበር። በ1521 የአዝቴኮች መንግሥት ለስፔናውያን ከወደቀ በኋላ የካቶሊክ በዓላት በእርሻው ወቅት ላይ ተደረቡ። ሜይ 15 የገበሬዎች ጠባቂ በሚሉት በቅዱስ ኢሲድሮ ቀን በሬና ዘር ይባረካል። ኖቬምበር 1 እና 2፣ የበቆሎው መከር በሚሰበሰብበት ሰሞን፣ ለሞቱ ዘመዶች ምግብና አበባ ይቀርባል። በዋሃካ ግዛት ደግሞ በጁላይ ጌላጌትሳ ይከበራል። ቃሉ የሳፖቴክ ሕዝብ ሲሆን መሰጣጠት ማለት ነው፤ ጎረቤት ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ያዋጣው በተራው ይመለስለታል። በበዓሉም ጨፋሪዎች የየአካባቢያቸውን ፍሬ ለተመልካቹ ያድላሉ።

ለወንጌል አማኞች ግን በዓሉ ቀላል ጥያቄ አልነበረም። በቺያፓስ ግዛት በቻሙላ፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ አማኞች ከቀያቸው ተባረሩ። የፖለቲካና የጥቅም ጉዳይም ነበረበት፤ ዳሩ ግን አንዱ ክስ ለቅዱሳን በዓል አናዋጣም፣ በመጠጡም አንተባበርም ማለታቸው ነበር። ብዙዎቹ መሬታቸውን ትተው በሳን ክሪስቶባል ከተማ ዳርቻ ሰፈሩ።

ዘዳግም 26ን ስናነብ ገበሬው በኵራቱን በቅርጫት ይዞ በእግዚአብሔር ፊት ይቆማል፤ ከባርነት ያወጣውን አምላክ በስም ጠርቶ ይመሰክራል። ከዚያም ከሌዋዊውና ከመጻተኛው ጋር ደስ ይለዋል። የቻሙላ አማኞች ምስጋናው ለማን እንደሆነ ለመለየት መሬታቸውን ከፈሉ። የዋሃካ መንደሮች ደግሞ የተሰጠንን ለብቻችን እንዳንበላ ያሳስቡናል። እኛስ? በጉባኤ እጃችንን አንሥተን ካመሰገንን በኋላ፣ በማዕዳችን ዙሪያ የተቀመጠው መጻተኛ ማነው?

ሰጪውን የሚያውቅ ልብና የተከፈተ ቤት ጌታ ይስጠን።