ከእናትና ከአባት ሌላ

ስካውት ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን ኮፍያው፣ የአንገት ስካርፉና ሰልፉ ነው። እርግጥ ነው፣ ነገሩን የጀመረው ወታደር ነው። የእንግሊዙ ጄኔራል ሮበርት ባደን ፓወል በነሐሴ 1907 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) 20 ያህል ወንዶች ልጆች ይዞ ብራውንሲ በምትባል ደሴት ድንኳን ተከለ። ገሚሱ የሀብታም፣ ገሚሱ የሠራተኛ ልጅ ነበር። በዓመቱ መጽሐፉን አሳተመ፤ ስካውትም እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ።

እኔን የሚማርከኝ ግን የትንንሾቹ ታሪክ ነው። ስካውት የታሰበው 11 ዓመት ለሞላቸው ነበር። ታናናሽ ወንድሞች ግን ከኋላ ከኋላ እየተከተሉ «እኛስ?» አሉ። ልጅ አንዴ «እኛስ?» ካለ ማን ይችለዋል! በ1916 ከ8 ዓመት ጀምሮ ላሉት «ግልገል ተኩላዎች» የተባለው ክፍል በይፋ ተቋቋመ። ጊዜው የጦርነት ነው፤ ወንዶቹ ዘምተዋል። ታዲያ ልጆቹን ማን ይያዝ? ሴቶች ያዟቸው። ከነዚህ አንዷ ቬራ ባርክሌይ የመመሪያ መጽሐፉን በማዘጋጀት ጭምር ረድታለች።

ለጨዋታው የሚሆን ተረት የተወሰደው ከሩድያርድ ኪፕሊንግ «የጫካ መጽሐፍ» (1894) ነው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስለኖርኩ ይሆናል፣ አንድ ነገር አላልፈውም። በተረቱ ውስጥ፣ አንድ ግልገል መንጋው ውስጥ መግባቱ ካጨቃጨቀ፣ ከአባቱና ከእናቱ ሌላ ሁለት ሊቆሙለት ይገባል። ለሰው ልጁ ለሞውግሊ ድቡ ባሉ አፉን ሞልቶ ተናገረለት፤ ጥቁሩ ነብር ባጊራ ደግሞ የገደለውን ኮርማ ከፈለለት።

የፕሮግራሙ ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ልጅ ከወላጆቹ ሌላ ዋስ ይፈልጋል። ፈተናው ቀላል ነው፤ ገመድ መቋጠር፣ ሰዓት ማንበብ፣ ጥርስና ጥፍር ማጽዳት። የምትፈትነው ግን እናቱ አይደለችም። «ችለሃል» ስትለው ለማባበል እንዳልሆነ ልጁ ያውቃል።

አሜሪካኖች በ1930 ሲጀምሩት ቤተሰቡን ይበልጥ አስገቡበት። ልጆቹ በትንንሽ ቡድን ሆነው አንዷ እናት ቤት ይሰበሰቡ ነበር፤ ልጁ የቻለውንም ወላጁ አይቶ ይፈርምለት ነበር። ሴትዮዋ ለራሷ ልጅ እናት፣ ለጎረቤት ልጅ ዋስ ሆነች ማለት ነው።

ዋስ ግን ራሱ የሚያየው ሰው ይፈልጋል። በ2020 የአሜሪካ ቦይ ስካውት ድርጅት በልጆች ላይ በደረሰ ወሲባዊ ጥቃት የተነሳ የኪሳራ ከለላ ጠየቀ፤ የካሳ ጥያቄ ያቀረቡት ከ80 ሺህ በላይ ነበሩ። ልጅን «ያስተምሩልኝ» ብሎ አስረክቦ መሄድ ምን እንደሚያስከትል ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም። ወላጅ እዚያው ይገኝ የሚባለውም ለጌጥ አይደለም።

በእኛም ሰፈር የጎረቤትን ልጅ መቆጣትም መመረቅም ነውር አልነበረም። ዛሬ ግቢው ታጥሯል፤ ልጁም ከአስጠኚው ወደ ቴሌቪዥኑ ይመላለሳል። ኮፍያውና ስካርፉ ቢቀር ይቅር። የጎረቤታችንን ልጅ ስም ስንቶቻችን እናውቃለን?