ኔብራስካ (አልበም)

ኔብራስካ አሜሪካዊው ድምፃዊና የዜማ ደራሲ ብሩስ ስፕሪንግስቲን በ1982 እ.ኤ.አ. ያወጣው ባለ 10 ዘፈን አልበም ነው። ኒው ጀርሲ በተከራየው ቤት፣ መኝታ ክፍሉ ውስጥ፣ ባለ 4 ትራክ የካሴት መቅጃ ላይ ብቻውን ቀዳው። ለባንዱ ማሳያ እንዲሆን ነበር ያሰበው፤ ስቱዲዮ ገብተው አብረው ሲሞክሩት ግን ነፍሱ ጠፋ። ስለዚህ ያለ ማቀፊያ በኪሱ ይዞት ሲዞር የነበረው ያው ካሴት አልበም ሆኖ ወጣ።

የመክፈቻው ዘፈን በ1958 እ.ኤ.አ. በተከታታይ ሰው የገደለውን የቻርልስ ስታርክዌዘርን ታሪክ በገዳዩ አንደበት ይተርካል። ሃርሞኒካው ከሩቅ እንደሚሰማ እንጉርጉሮ ነው። የዘፋኙ ድምፅ አይቆጣም፣ አያለቅስም፤ ጨለማው የሚከብደውም ለዚህ ነው። ስፕሪንግስቲንን በ1984ቱ "ቦርን ኢን ዘ ዩኤስኤ" ብቻ የሚያውቁ አድማጮች ይህን አልበም በሌሊት፣ ሳያቋርጡ ቢያደምጡት መልካም ነው።