አሥራ ስምንት ወር እና ዘጠኝ ዓመት

ቤት መሥራትና ቤት ማደስ የትኛው ይከብዳል ቢባል ብዙ ሰው «መሥራት» ብሎ ይመልሳል። የመሠረት ድንጋይ የሚጣለው፣ ሪባን የሚቆረጠው፣ ስም የሚቀረጸው ለአዲስ ቤት ነውና። የአፍሪካ አዳራሽ ታሪክ ግን የሚነግረን ሌላ ነው። አዳራሹ የተሠራው በአሥራ ስምንት ወር ነበር። ለማደስ ግን፣ ገንዘቡ ከተፈቀደበት ጊዜ አንሥቶ ቢቆጠር፣ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላ ሁለት ወር ያህል እስኪቀረው ድረስ ወስዷል። በዚህ ልዩነት ውስጥ ስለ ሕዝብ ሕንፃዎቻችን ልናስብበት የሚገባ ቁም ነገር አለ እላለሁ።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአፍሪካን ኢኮኖሚ ኮሚሽን ያቋቋመው በሚያዝያ 1950 ዓ.ም. ነው፤ መቀመጫውም አዲስ አበባ ሆነ። እንግዳ የጠራ ቤት ማሰናዳቱ አይቀርምና ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሥራውን ለጣሊያናዊው አርክቴክት ለአርቱሮ መዜዲሚ ሰጡ። ይህ ሰው አስመራ ላይ ሥራ የጀመረ፣ ኋላም የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤት የነደፈ ነው። ያን ጊዜ ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበር።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛው መፈንቅለ መንግሥት ተሞክሮ ከተማይቱ ተኩስ ሰማች። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ጥር 29 ቀን፣ አዳራሹ ተመረቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ፣ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም.፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር የተፈረመው በዚሁ ጣሪያ ሥር ነው። ወደ ውስጥ የገባ ሁሉ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነውን፣ አፈወርቅ ተክሌ የአህጉሪቱን ትናንት፣ ትግልና ተስፋ በሦስት ክፍል የሣለበትን ባለቀለም መስታወት ቀና ብሎ ሳያይ አያልፍም።

እንግዲህ ፍጥነቱ ከየት መጣ? አሠሪው አንድ፣ ነዳፊው አንድ፣ ቀኑም የተቆረጠ ነበር። መሬቱ ባዶ ስለሆነ መሐንዲሱ የሚያገኘው ራሱ የጻፈውን ብቻ ነው።

አሮጌ ቤት ግን ምስጢር አለው። ግድግዳው እስኪፈለፈል ድረስ ቧንቧው ምን ያህል እንደዛገ፣ የኤሌክትሪኩ መሥመር በየት እንደሚያልፍ በትክክል የሚያውቅ የለም። የጨረታ ሰነድ ደግሞ ሁሉን አስቀድሞ እንዲቆጠርና እንዲተመን ይፈልጋል። ተቋራጩ ባልተጻፈ ነገር ላይ በደረሰ ቁጥር ተጨማሪ ሥራ ይጠየቃል፤ አማካሪው ያጣራል፤ ባለቤቱ ያጸድቃል፤ ሥራው እስከዚያ ይቆማል። የሕዝብ ገንዘብ ነውና ይህን ሰንሰለት መዝለልም አይቻልም።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ለአዳራሹ እድሳት የፈቀደው ጣሪያ ወደ 57 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ይጠጋ ነበር። ሥራውም ቀለም መቀባት አልነበረም። ሕንፃው የመሬት መንቀጥቀጥን እንዲቋቋም ማጠናከር፣ አካል ጉዳተኛ ያለ ችግር እንዲገባበት ማድረግ፣ የዘመኑን የስብሰባ መሣሪያ ማስገባት ነበረበት። ይህ ሁሉ ሲሆን ደግሞ የመዜዲሚ አዳራሽ መልኩ ሳይለወጥ፣ የአፈወርቅም መስታወት ሳይጎዳ ነው። አዲስና አሮጌ በአንድ ግድግዳ ውስጥ ተስማምተው እንዲያድሩ ማድረግ ከባዶ ከመጀመር ይብሳል። በመካከሉ ኮሮናም መጣ። እድሳቱ አልቆ አዳራሹ እንደገና የተከፈተው ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ሁለት ሳምንት ገደማ አስቀድሞ፣ መስከረም 26 ቀን፣ በፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ነበር። ለማጠናከሪያው የወጣው ገንዘብ ቅንጦት እንዳልነበረ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ዘጠኝ ዓመት ግን ብዙ ነው። የሚያሳስበኝም የአፍሪካ አዳራሽ ሳይሆን እንዲህ ያለ ጠባቂ የሌላቸው ሕንፃዎች ዕጣ ነው። ለአንዲት ማኅተም ደጋግሜ የተመላለስኩበት አንድ መሥሪያ ቤት ነበር፤ የፊት ለፊት ግድግዳው በየበዓሉ ቀለም ይቀባል፤ የመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ግን «ተበላሽቷል» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ወረቀቱ ራሱ አርጅቶ ቢጫ ሆኗል። የሚያንጠባጥብ ጣሪያ በጊዜው ቢደፈን የአንድ ሠራተኛ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ሲቆይ ኮርኒሱን ያበሰብሳል፤ ኮርኒሱ የኤሌክትሪኩን መሥመር ያስከትላል፤ በመጨረሻም «ይህ ቤት ማርጀቱ አይደለም ወይ? ይፍረስ!» የሚል ቃል ይሰማል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ ስንት አሮጌ ቤት እንደፈረሰ ያየ ሰው ይህ ቃል ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ያውቃል።

መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። ሕንፃ ሲረከቡ ቁልፉን ብቻ ሳይሆን እንደተሠራ የሚያሳየውን ንድፍ ተረክቦ በመዝገብ ቤት ማኖር፣ በየዓመቱ በጀት ውስጥ ለጥገና የማይነካ ድርሻ መመደብ፣ ለዚህም በስም የሚጠየቅ አንድ ሰው ማቆም ነው። ይህን የሚሠራ ሰው ሪባን አይቆርጥም፤ ቴሌቪዥንም አይመጣለትም። መሥራት የንጉሥ ክብር ከሆነ መጠበቅ የዜጋ ክብር ነው። ይህን ክብር ለጠጋኙ መስጠት እስካልለመድን ድረስ በአሥራ ስምንት ወር የሠራነውን በዘጠኝ ዓመት ለማደስ እንገደዳለን፤ ያውም ዕድለኞች ከሆንን።