የመጋዙ ድምፅና የሐኪሙ ጆሮ

የሕክምና ታሪክ ስናነብ ስለ ማደንዘዣ፣ ስለ እጅ መታጠብ፣ ስለ ደም መስጠት ብዙ እናገኛለን። ስለ ቀዶ ሐኪሙ ጆሮ ግን ማን ጻፈ? የሚገርመው ነገር፣ ሥራ ጆሮን እንደሚያደነቁር አስቀድመው ከጻፉት አንዱ ራሱ ሐኪም ነበር። ጣሊያናዊው በርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1713 ባሳተመው የሠራተኞች በሽታ መጽሐፉ እትም፣ ቀኑን ሙሉ መዳብ ሲቀጠቅጡ የሚውሉ የቬኒስ አንጥረኞች ቀስ በቀስ እንደሚደነቁሩ አስፍሯል። በ1886 ደግሞ የግላስጎው የጆሮ ሐኪም ቶማስ ባር 100 የቦይለር ሠራተኞችን መርምሮ ያንኑ አረጋገጠ። ጆሴፍ ሊስተር ከሃያ ዓመት በፊት ቁስልን በካርቦሊክ አሲድ ማከም የጀመረባት ያቺው ግላስጎው እኮ ናት።

ታዲያ ሐኪሙ የሌላውን ጆሮ ሲመረምር የራሱን ለምን ረሳ? በእኔ አስተያየት ራሱን እንደ ሠራተኛ ስለማይቆጥር ነው። በዚያ ላይ በጥንቱ ዘመን የሚያሰጋ ነገር ብዙም አልነበረም። ኤተር በ1846 እስኪመጣ ድረስ የክፍሉ ትልቁ ድምፅ የበሽተኛው ጩኸት ነበር፤ መጋዙም በእጅ ነው የሚሳበው።

ነገሩን የቀየረው ሞተር ነው። ሆመር ስትራይከር የተባለው አሜሪካዊ የአጥንት ሐኪም ለጄሶ መቁረጫው መጋዝ በ1947 ፓተንት አገኘ። መቼስ በዚያ መጋዝ ድምፅ ያለቀሰ ሕፃን ያላባበለ ምሩቅ የለም! የአጥንት መሰርሰሪያውና መጋዙም በሞተር የሚሠሩ ሆኑ፤ አንዳንዶቹ ከ90 ዴሲቤል ያልፋሉ። መሣሪያዎቹ ብዙ ሰው አድነዋል፣ ወደ እጅ መጋዝ እንመለስ የሚል የለም።

በ1972 የአሜሪካው የሥራ ደኅንነት ተቋም ለ8 ሰዓት ሥራ 85 ዴሲቤልን ወሰን አድርጎ ሐሳብ አቀረበ። በዛሬው መመሪያው ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል፤ በ94 ዴሲቤል አንድ ሰዓት ብቻ ይቀራል። በ1991 እንግሊዝ ውስጥ 27 ነባር የአጥንት ሕክምና ባለሙያዎች ሲመረመሩ፣ በግማሾቹ ላይ በድምፅ የመጣ የመስማት ጉዳት ምልክት ታየ። ከራማዚኒ እስከዚህ 278 ዓመት ፈጅቷል።

ጉዳቱ የሚጀምረው ከ4000 ኸርዝ አካባቢ ስለሆነ ሰውየው ዓመታት ሳይነቃ ይኖራል። ድምፅ ይሰማል፣ ቃሉ ግን ይምታታበታል፤ «ሰ» እና «ፈ» ቀድመው ይጠፋሉ። ሌላ ቦታ ቢሆን የተናጋሪውን ከንፈር አይቶ ይገምት ነበር። በቀዶ ክፍል ውስጥ ግን ከንፈሩ በማስክ ተሸፍኗል፤ ነርሷ የጠራችውን የመድኃኒት መጠን የሚያገኘው በጆሮው ብቻ ነው።