እውነተኞቹ የአግናጥዮስ መልእክታት

በቤተ ክርስቲያናችን «ምጥው ለአንበሳ» በሚል ቅጽል የሚታወቀው የአንጾኪያው ኤጲስ ቆጶስ አግናጥዮስ፣ የታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ እንደሚተርከው፣ በንጉሠ ነገሥት ትራያኖስ ዘመነ መንግሥት (98–117) ለአራዊት እንዲጣል ተፈርዶበት በወታደሮች ታጅቦ ወደ ሮሜ ተጓዘ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በጉዞው ላይ ሳለ ሰባት መልእክታትን ጻፈ፤ አራቱን ከሰምርኔስ፣ ሦስቱን ከጢሮአዳ።

የመልእክታቱ ትምህርት ሁለት ነገሮችን አጥብቆ ይይዛል። አንደኛው፣ ክርስቶስ ሥጋ የለበሰው በምትሐት ነው የሚሉትን መቃወም ነው፤ መከራው እውነት ካልሆነ የእኔም እስራት ከንቱ ነው ሲል ይሞግታል። ሁለተኛው፣ ምእመናን ከኤጲስ ቆጶሳቸው ተለይተው አንዳች እንዳይሠሩ ማስጠንቀቂያ ነው። ኋላ የአውሮፓን ሊቃውንት ያከራከረው ይኸው ሁለተኛው ነው።

ኅትመት በተስፋፋበት ጊዜ አንባቢ እጅ የገባው ቅጂ፣ በ4ኛው ምእት ዓመት ሌላ ጸሐፊ ያስረዘመውና ስድስት የፈጠራ ደብዳቤዎች የተጨመሩበት ነበር። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን በጳጳሳት ትመራ አትመራ በሚል ጠብ በተነሣ ጊዜ፣ ባለቅኔው ጆን ሚልተን በ1641 ይህን የተበረዘ ጽሑፍ ማስረጃ አድርጎ መጥቀስን ነቀፈ። ነቀፋው መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም።

የአርማው ሊቀ ጳጳስ ጄምስ አሸር ግን ከስድብ ይልቅ ፍለጋን መረጠ። በ13ኛው ምእት ዓመት የነበረው የሊንከን ጳጳስ ሮበርት ግሮስቴስት ከአግናጥዮስ የጠቀሳቸው ቃላት ከታተመው ቅጂ ጋር አለመስማማታቸውን፣ ከጥንቶቹ ከአውሳብዮስና ከቴዎዶሪጦስ ጥቅሶች ጋር ግን መግጠማቸውን አስተዋለ። እንግዲያው ያልተበረዘው ጽሑፍ በእንግሊዝ አገር አንድ ቦታ ተሸሽጎ መኖር አለበት ብሎ ገመተ። ፈልጎም ሁለት የላቲን የብራና መጻሕፍት አገኘ፤ በ1644 አሳተማቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ይስሐቅ ቮስዩስ በፍሎረንስ ከተገኘ ብራና የግሪክኛውን ጽሑፍ አወጣ፤ ግምቱም ትክክል ሆነ። የሚያስገርመው፣ በዚያው በ1646 የእንግሊዝ ፓርላማ የጳጳሳትን ሥልጣን ሻረ።

በአጭሩ ቅጂም ቢሆን ስለ ኤጲስ ቆጶስ የተነገረው ስላልጠፋ ክርክሩ ቀጠለ። ሆኖም ለሮሜ ሰዎች በተላከው መልእክት የሮሜ ጳጳስ ስም አንድ ጊዜ እንኳ አይነሣም። ለጳጳሳት ክብር ሲል ደብዳቤ የሚፈጥር ሰው ይህን ይዘነጋዋል ብዬ ለማመን ይቸግረኛል።

በ1845 ዊልያም ኪዩርተን ከግብፅ ገዳም የመጣ የሱርስት ቅጂ አሳትሞ፣ እውነተኞቹ ሦስት ብቻ ናቸው አለ። ላይትፉትም መጀመሪያ ተቀብሎት ነበር። ነገር ግን የሱርስቱ ቅጂ ከሰባቱ መልእክታት ቅጂ የተቀነጨበ መሆኑን መርምሮ ስለ ተረዳ፣ በ1885 ባሳተመው ሥራው የቀድሞ አሳቡን ትቶ ለሰባቱም መሰከረ። አብዛኞቹ ሊቃውንት ከእርሱ ጋር ናቸው፤ መልእክታቱን ወደ 2ኛው ምእት ዓመት አጋማሽና ከዚያም ወዲህ የሚያመጧቸው ግን ዛሬም አልጠፉም።